ከስር የሚታሰር የሞተር ጋርድ ለመኪናችሁ እንዴት እንደሚመረጥ

ክፍለ ሀገር መንገድ ላይ የሚመላለስ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ የጭነት መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ ጎማው ስር ድንጋይ ይወሽቃል፣ ከኋላም ለምልክት ብሎ ድንጋይ ይደረድራል፣ መኪናው ተሰርቶ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዛው አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ማታ በቪትዝ ወይ በኮሮላ ስትመጡ ያ ድንጋይ ጎማውን ስቶ መሀል ለመሀል ከገባ ቶሎ የሚያገኘው የሞተሩን የዘይት ኮፓ ነው፣ ከሞተሩ ስር ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ሳህን ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ደሞ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል አለ፣ የሰፈር ሰው በራሱ ሲሚንቶ የሰራው ቁመቱ የማይታወቅ ብሬከር አለ፣ ዝናብ ያነሳው ኮብልስቶን አለ። ከ2016 ጀምሮ ደሞ መንግስት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለከለከለ እጃችን ላይ ያለችውን መኪና ረጅም ጊዜ ማኖር ግድ ሆኗል፣ ስለዚ ሞተሯን ከስር መጠበቅ ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ ብዙ ሰው ጋርድ ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው፣ "ወፍራም ነው ወይ?" ይላል። ውፍረት አንዱ ነገር ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ዋናው ጋርዱ የት ላይ ይታሰራል፣ አየርና ዘይትስ በየት ይወጣል የሚለው ነው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ ኮፓው ምን እንደሚደርስበት እወቁ

ኮፓ በሁለት አይነት ይሰራል። አንዱ ቀልጦ የተሰራ አልሙኒየም ነው፣ ይሄ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ቢያንስ ግን መሬት ላይ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ከላሜራ ተጨፍልቆ የተሰራው ነው፣ እሱ አይሰነጠቅም ይጎደጉዳል፣ ጠብታ ዘይት አይፈስም፣ ሹፌሩም ተርፌያለሁ ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ኮፓው ውስጥ ግን የዘይት ፓምፑ የሚመጥበት ወንፊት አለ፣ ከኮፓው ወለል በላይ ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ላሜራው ወደ ውስጥ ሲገባ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ፓምፑ የሚመጠው ዘይት ያጥረዋል፣ በተለይ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ዘይት ሲፈልግ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ከዛ ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። በአንድ ድንጋይ ሙሉ ሞተር ማለት ነው።

ቀጥሎ መኪናዋን ከስር እዩዋት

በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር በፍጹም አትግቡ፣ ጉድጓድ ወይ ሊፍት ያለው ጋራዥ ሂዱ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ብዙ መኪና ላይ ጥቁር ስስ ፕላስቲክ ታያላችሁ፣ እሱ ከፋብሪካ የመጣ ጭቃና ውሃ መከላከያ ነው፣ ለአየሩ አካሄድም ይጠቅማል፣ ለድንጋይ ግን አልተሰራም። አንዳንዱ ሻጭ "ጋርድ አላት" የሚላችሁ እሱን እያሳየ ነው። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ አይነት ቻሲስ ያላቸው መኪኖች ላይ ደሞ ከፋብሪካ የብረት ጋርድ መኖሩ የተለመደ ነው፣ አንድ ጊዜ ለዘይት ቅየራ ተፈቶ ያልተመለሰ እንዳይሆን ብቻ የብሎን ቀዳዳዎቹ ባዶ መሆናቸውን እዩ።

ከዛ ከፍታ ለኩ። ትናንሽ የከተማ መኪኖች ባዶአቸውን ሲቆሙ ከመሬት ያላቸው ክፍተት ከ140 እስከ 150 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ አራት ሰውና እቃ ስትጭኑበት በተለይ እስፕሪንጉ ካረጀ በጣም ይወርዳል። ስለዚ ጭናችሁ ለኩ። ጋርዱ ራሱ ከኮፓው በታች ስለሚሆን ሁለት ሳንቲም አካባቢ ይበላባችኋል። እዛው ሆናችሁ ከሞተሩ በኩል ዝቅ ብሎ የሚታየው የቱ ነው የሚለውን አጣሩ፣ የማርሚታው ቱቦ ከሁሉም በታች ከሆነ ኮፓውን ብቻ የሸፈነ ጋርድ ቱቦውን አያድነውም።

የምትነዱበትን መንገድ አስቡ

አስፋልት ላይ ብቻ የምትነዱና ችግራችሁ ብሬከርና ኮብልስቶን ከሆነ ቀለል ያለ ጋርድ ይበቃችኋል፣ ፒስታ ላይ ወይ ገጠር የምትወጡ ከሆነ ግን የተለየ ነው። ፒስታ ላይ ችግሩ በጎማ ተፈናጥሮ የሚመጣ ድንጋይና መሀል ላይ የተቆለለ አፈር ነው፣ ስለዚ ጋርዱ ከፓራውልቱ ጀምሮ እስከ ካምቢዮው ድረስ መሸፈን አለበት። ሞተሩን ብቻ ሸፍኖ ካምቢዮውን ክፍት የተወ ጋርድ ግማሽ ስራ ነው፣ ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች ላይ የካምቢዮው ኮፓም እንደ ሞተሩ ኮፓ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ እሱ ቢሰነጠቅ ደሞ ወጪው ከሞተሩ አያንስም።

ማቴሪያሉ

ብረት፣ አልሙኒየም፣ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ፋይበር አለ። ለብዙ ሰው የኔ ምርጫ ብረት ነው፣ 2 ሚሊሜትር፣ ምክንያቱም ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፣ ቢጎደጉድ አውርዳችሁ በመዶሻ ትመልሱታላችሁ፣ የትም ከተማ ያለ በያጅ ይሰራዋል። ክብደቱን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፣ 2 ሚሊሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 15.7 ኪሎ ይመዝናል፣ የትንሽ መኪና ጋርድ ግማሽ ካሬ ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመጣል። 3 ሚሊሜትር ካላችሁ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ገባ ማለት ነው፣ ይሄ ሁሉ የፊት እስፕሪንግ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ከድንጋይ እንዲጠብቃችሁ ያሰራችሁት ጋርድ መኪናውን መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ለቪትዝ 3 ሚሊ አሳስሩ የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

አልሙኒየም 4 ሚሊ ሆኖ እንኳን በካሬ ወደ 10.8 ኪሎ ነው፣ ቀላል ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም፣ ሙቀትም ቶሎ ያወጣል። ግን ሹል ድንጋይ ይቧጥጠዋል፣ ከተጣመመ ለመመለስ ያስቸግራል፣ ከብረት ብሎን ጋር ሲገናኝ ደሞ እርጥበት ባለበት ዙሪያውን ይበላል፣ ስለዚ በመሀል የጎማ ወይ የፕላስቲክ ሮንዴላ ያስፈልገዋል። አልሙኒየም ነው ተብላችሁ ብረት እንዳትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከያዘ ብረት ነው። ወፍራም ፕላስቲኩና ፋይበሩ ቀላልና ድምጽ የሌለው ነው፣ ለከተማ ያስኬዳል፣ የማርሚታው ቱቦና የጭሱ ማጣሪያ ካታሊስቱ አጠገቡ የሚያልፍ ከሆነ ግን ሙቀቱን መቻል አለመቻሉን አረጋግጡ።

አሁን ከውፍረት በላይ ወደሆነው ነገር፣ ቅርጹ። ዝም ብሎ ዝርግ የሆነ 3 ሚሊ ላሜራ መሀሉ ላይ ሲመታ ይጎብጥና ኮፓው ላይ ይለጠፋል። በፕሬስ የተጨፈለቁ እጥፋቶች ያሉት 2 ሚሊ ግን ጠንካራ ነው፣ እጥፋቱ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያደነድነዋል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሞክሩት፣ ሁለቱን ጫፍ እንጨት ላይ አስቀምጡትና መሀሉን በአንድ እግር ቁሙበት፣ እየተለጠጠ ከወረደ ተዉት። የፊት ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ መሆን አለበት፣ ካልሆነ አፈሩን እንደ አካፋ ይዝቀዋል። የኋላውም ጫፍ እንዲሁ ለስላሳ ይሁን፣ ካልሆነ ወደ ኋላ ስትሄዱ ብሬከር ላይ ይያዛል።

የት ላይ ይታሰራል?

እዚ ጋ ነው ብዙ ስራ የሚበላሸው። ጋርድ መታሰር ያለበት ሞተሩን የተሸከመው የታችኛው ወፍራም ብረት ማለትም ክሮስሜምበሩ ላይ፣ ከፊት ደሞ ራዲያተሩን የያዘው ብረት ላይ ነው። ለአብዛኛው መኪና እዛ ቦታ ላይ ከፋብሪካ የተዘጋጀ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለ። ጥሩ ጋርድ ማለት የእነዚህን ቀዳዳዎች ልክ ይዞ የመጣ ነው፣ ስለዚ ስትገዙ ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የስሪት ዘመኑንና የሞተሩን አይነት ተናገሩ፣ ያው ቪትዝ ሆና 1 ሺ ሲሲና 1.3 ሊትሯ ከስር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሞተሩ ላይ ወይ ካምቢዮው ላይ እንዲታሰር በፍጹም አትፍቀዱ። ሞተር በጎማ ሳፖርት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሲነሳና ማርሽ ሲገባ ይወዛወዛል፣ ጋርዱ ከቦዲውም ከሞተሩም ጋር ከታሰረ ንዝረቱ በሙሉ ሳሎን ይገባል፣ ድንጋይ ሲመታው ደሞ ጉልበቱ ቀጥታ ካምቢዮው ላይ ያርፋል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ላይ ማሰርም አይሆንም። ቀዳዳ የለም ተብሎ ክሮስሜምበሩ ላይ መበየድ ወይ በድሪል መብሳት ሌላው ነገር ነው፣ ያ ብረት ሳስፔንሽኑን የሚሸከም፣ በግጭት ጊዜም ስራ ያለው ክፍል ነው፣ ስለዚ አይነካ።

በጋርዱና በኮፓው መሀል ከ15 እስከ 25 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፣ አንድ አውራ ጣት ማለት ነው። ካነሰ ሞተሩ ሲወዛወዝ ይነካካል፣ ቡም ቡም ይላል፣ ከበዛ ደሞ ከፍታችሁን ይበላል።

አየርና ዘይት

በራዲያተሩ የገባው አየር ሞተሩን አልፎ በብዛት የሚወጣው ወደ ታች ነው። ስሩን ሙሉ በሙሉ ከደፈናችሁት ሙቀቱ ይታመቃል፣ ዳገት ላይ በዝግታ ስትወጡ፣ ጣርማበርን ወይ አባይ በረሃን ስትወጡ ማለት ነው፣ የሙቀት መርፌው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሲቪቲውም ዘይቱ ይግላል። ስለዚ ጋርዱ መተንፈሻ ክፍተቶች ይኑሩት፣ ክፍተቶቹም ወደ ኋላ የተከፈቱ ይሁኑ፣ ወደ ፊት ከሆኑ ጭቃና ጠጠር ያስገባሉ።

ሁለተኛ፣ የዘይት ማውረጃዋ ብሎንና ፊልትሮው ትይዩ ቀዳዳ ወይ ተከፋች ክዳን ይኑር። ከሌለው ለእያንዳንዱ ዘይት ቅየራ ጋርዱ ይፈታል፣ አንድ ቀን የሆነ ልጅ ከስድስት ብሎን ሶስቱን መልሶ ይሸኛችኋል። ዘይቱ ሲፈስ ጋርዱ ላይ እንዳይንጣለል ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይሁን። ውሃ ማፍሰሻ ትናንሽ ቀዳዳዎችም ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያስፈልጋሉ፣ ካልሆነ የክረምት ጭቃ ይጠራቀምና ከውስጥ ያዝጋል።

ሶማሌ ተራ ወይ በያጅ ጋ?

ለታወቁ ሞዴሎች ተዘጋጅቶ የመጣ ጋርድ ወይም የፈረሰ መኪና ኦሪጅናል አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ መፈለግ ይሻላል፣ በፕሬስ የወጣ ስለሆነ እጥፋቱም ቀዳዳውም ልክ ነው። ያገለገለ ከሆነ ገልብጡትና ከውስጥ በኩል ዝገቱን እዩ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ተለጥጠው እንደ እንቁላል ከሆኑ አይሆንም። ካጣችሁ በያጅ ጋ አሰሩ፣ ግን ስራውን ቆማችሁ ተከታተሉ፣ መጀመሪያ በካርቶን ልኩን እንዲቆርጥ አድርጉ፣ ጠርዞቹ በማጠፊያ ማሽን ይታጠፉ እንጂ ተቆርጠው አይበየዱ፣ ሲያልቅ አንቲረስትና ቀለም በሁለቱም በኩል ይቀባ። የበያጅ ጋርድ ላይ ቶሎ የሚዝገው ከውስጥ ያለው የማይታየው ነው።

ሲታሰር

ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስጀምሩ፣ ሁሉም ከያዙ በኋላ ነው በቁልፍ የሚጠብቁት፣ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ሌላውን በጉልበት ማስገባት ጥርሱን ይበላዋል። ጥርሱ ላይ ትንሽ ግራሶ፣ በብረትና በብረት መሀል ጎማ። መካኒኩ ከመዝጋቱ በፊት ጨርቅ ወይ ዘይት የነካው ወረቀት ላዩ ላይ አለመቅረቱን ራሳችሁ እዩ፣ ማርሚታው አጠገብ እሳት ይነሳል፣ ደረቅ ሳር ላይ የምትነዱም እንደዚሁ አልፎ አልፎ አጽዱት። ከዛ ሞተሩን አስነሱ፣ ማርሽ አስገቡ፣ መሪ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙሩ፣ የሚነካካ ድምጽ ካለ እዛው ይስተካከል። ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ ተመልሳችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ንዝረት ስላለ የሚላላ አይጠፋም።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደሞ ነገሩ ይለያል፣ ከስር ያለው ባትሪ ነው። ፋብሪካው ከተወው ቀዳዳ ውጪ ምንም አትብሱ፣ ምንም አትበይዱ፣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ብርቱካናማ ኬብል የሚያልፍበት ቦታ አትነካኩ፣ የባትሪው ዋራንቲም እንዳይሰረዝ ከማሰራታችሁ በፊት የሸጠላችሁን ጠይቁ።

ጋርድ ካለም በኋላ ዘይት መፍሰሱን ቶሎ አታዩትም፣ ጠብታው ጋርዱ ላይ ይቀራልና መሬቱ ደረቅ ይሆናል። ስለዚ የዘይት ዘንጉን እያወጣችሁ ማየት ልማድ ይሁን፣ ሳምንት አይለፈው። በጣም ከተመታ ደሞ ቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ በስልክ መብራት እዩ፣ ጋርዱ ጎብጦ ኮፓውን ነክቶ ከሆነ በቀስታ እስከ ቅርብ ጋራዥ፣ ቀይዋ የዘይት መብራት ከበራች ግን አንድ ሜትር እንኳን አትንዱ፣ ሞተሩን አጥፉና አስጎትቱ።