ድሬዳዋ ላይ ያለ ኤሲ የሚኖርበት ቪላ፦ ከቦታ መረጣ እስከ ልስን

ድሬዳዋ ላይ ቅንጡ ቤት የሚባለው ሰኔ ላይ፣ ውጭው 35 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳሎን ቁጭ ብለው ኤሲ ሳይከፍቱ ሻይ የሚጠጡበት ቤት ነው። ብዙ ባለቤቶች ግን በጀታቸውን ፊት ለፊቱን በመስታወትና በአሉኮቦንድ (የአሉሚኒየም ልባስ) ለመሸፈን ያውሉትና፣ ያ መስታወት ያስገባውን ሙቀት ለማስወጣት ደግሞ ለየክፍሉ ኤሲ ይገዛሉ። አካባቢን የማይጎዳ ቤት የሚሠራው ይህንኑ ገንዘብ ወደ ጥላ፣ ወደ ግድግዳ፣ ወደ ጣሪያና ወደ ውሃ በማዞር ነው። አብዛኛው ውሳኔም ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ የሚታረመው ጥቂቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ስፋቱን ይቀንሱ። 300 ካሬ ሜትር የተጠየቀ ቪላ ብዙውን ጊዜ በ220 ካሬ ይመለሳል፦ ሁለተኛው ሳሎን፣ ማንም የማይተኛበት የእንግዳ ክፍልና ረጅሙ ኮሪደር ወጥተው ግቢና በረንዳ ይሆናሉ። አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረት ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ፋብሪካው እዚሁ ድሬ መሆኑ የመኪናውን መንገድ ያሳጥር ይሆናል እንጂ የምድጃውን ጭስ አይቀንስም።

ቦታው

ቦታውን በክረምት ሳያዩ አይግዙ። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ መስሎ ይከርምና በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ያደረሰው እልቂት የሚረሳ አይደለም። ውሃው የሚወርደው ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ስለሆነ ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። የጎረቤት አጥር ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ካለ ይለኩት፤ ወለልዎ ከዚያ መስመር ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ትንሽ የመሰለ የጎርፍ መውረጃ በግቢው ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ አጥር ገንብተው አይዝጉት፤ ውሃው አጥሩን ጥሎ ያልፋል።

ፀሐይዋን መለካት

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይዋ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ግድምና በነሐሴ መጨረሻ አናት ላይ ትሆናለች፤ በሰኔ ከሰሜን፣ በታኅሣሥ ከደቡብ ትመታለች። ለ1.5 ሜትር መስኮት ስሌቱ እንዲህ ይወጣል፦ በሰሜን በኩል 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጥላ በሰኔም ቢሆን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ይሸፍናል። በደቡብ በኩል ታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ሙሉ ጥላ ለማግኘት 1 ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ሆኖም ድሬ በዚያ ወር ቀዝቀዝ ስለምትል 80 ሳንቲ ሜትርም ይበቃል።

ችግሩ ያለው ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ነው። እዚያ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከላይ የወጣ ጥላ ምንም አይሠራም። 2.5 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው የምዕራብ በረንዳ እንኳ የሚያገለግለው እስከ 9 ሰዓት ግድም ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ከሥሩ ትገባለች። ስለዚህ ቤቱን በምሥራቅ-ምዕራብ አቅጣጫ አስረዝመው ያስቀምጡት፤ አጫጭሮቹ ጎኖች ምሥራቅና ምዕራብ ይዩ። ምዕራቡን ለመታጠቢያ ቤት፣ ለዕቃ ቤትና ለደረጃ ይስጡት። መስኮት የግድ ከሆነ ከውጭ በኩል የሚዘጋ ባለ ስንጥቅ የእንጨት መዝጊያ ይግጠሙለት፤ ቀዚራ ሰፈር ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች ያቆዩት ዘዴ ይኸው ነው። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ስለሚይዘው ብርሃን ከመከልከል ብዙ አያልፍም።

ግድግዳና ጣሪያ

40 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ከ10 ሰዓት ያላነሰ ይፈጅበታል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግን ግማሹን ያህል ብቻ። አዘግይቶ ማሳለፉ ደግሞ መዘዝ አለው፦ ከሰዓት የተመታ የምዕራብ ድንጋይ ሙቀቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ ይለቅቃል። ድንጋይ ያለ ጥላ ምድጃ ነው። ለሳሎንና ለመመገቢያ ክፍል ከአካባቢው የሚወጣውን የኖራ ድንጋይ ይጠቀሙ፤ መኝታ ቤቶቹን በምሥራቅና በሰሜን አድርገው በቶሎ የሚቀዘቅዝ ቀጭን ግድግዳ ይስጧቸው።

ግንበኞች ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት የድንጋዩን ሁለት ፊት ለየብቻ ገንብተው መሐሉን በጠጠርና በጭቃ ሲሞሉት ነው። ግድግዳው ከዓመታት በኋላ ሆዱ ይነፋና ይሰነጠቃል። በየአንድ ካሬ ሜትሩ ቢያንስ አንድ፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይግባ። አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሰጋው የስምጥ ሸለቆ ጫፍ ስለሆነ በመሠረት፣ በመስኮት ራስና በጣሪያ ከፍታ የአርማታ መቀነት ግዴታ ነው፤ የፌሮውን መጠን መሐንዲሱ ያስላ።

ጣሪያው ከግድግዳው ሁሉ የበለጠ ፀሐይ ይቀበላል፤ በጀትዎ ከጠበበ ሌላውን ትተው ይህን ያሟሉ። የሚሻለው ድርብ ጣሪያ ነው፦ ከታች የአርማታ ሶሌታ (ጠፍጣፋ ጣሪያ)፣ ከላዩ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ላይ የቆመ ነጭ ቆርቆሮ። ክፍተቱ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ሆኖ ነፋስ ሊያልፍበት ይገባል፤ ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ይሸፈናል። ለውበት ተብሎ ዙሪያውን ፓራፔት (ከጣሪያው በላይ የሚወጣ አጭር ግድግዳ) ይሠራና ክፍተቱ ሲታፈን አየሩ እዚያው ይግላል፤ የወጣው ወጪም ከንቱ ይቀራል። ቱቦላሬው በሶሌታው ላይ በብሎን ይታሰር፤ በምስማር የተያዘ ቆርቆሮ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጎረቤት ግቢ ይገኛል።

የሌሊት አየር

ከባድ ግድግዳ የሚጠቅመው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ዝቅ ያለ መግቢያና ከእሱ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ያለ መውጫ ያስፈልጋል፤ ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከግቢው ይስባል። የእያንዳንዳቸው ስፋት ከወለሉ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይሁን። የወባ ትንኝ ወንፊት የአየሩን ፍጥነት በጣም ስለሚቀንስ ወንፊት ያለበትን ክፍት ቦታ ወደ ላይኛው መጠን ያስጠጉ። መዝጊያዎቹ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ተከፍተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ቀን መስኮት ከፍቶ መዋል አየር ያስገባል ተብሎ ይታመናል፤ እዚህ ግን የሚያስገባው ሙቀት ነው። የብረት ፍርግርጉን ቀድመው ካልገጠሙ ሌባን ፈርቶ ማንም ሌሊት መስኮት አይከፍትም፤ ሥርዓቱ በሙሉ በዚህ አንድ ነገር ይወድቃል።

ኮርኒሱ 3.2 ሜትር ይሁንና ቬንትሌተሩ ከወለል ከ2.4 ሜትር በላይ፣ ከኮርኒሱ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰቀል። ከ50 እስከ 70 ዋት ይበላል፤ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ 1,000 ዋት አካባቢ ይበላል።

ውሃ

በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። 200 ካሬ ጣሪያ፣ 20 በመቶ ባክኖ፣ 96,000 ሊትር ይሰጣል። አምስት ሰው በቀን 400 ሊትር ቢጠቀም የዓመቱ ፍላጎት 146,000 ሊትር ነው። የከርሰ ምድር ገንዳው ግን 60 ሺህ ሊትር መሆን የለበትም፤ 30,000 ሊትር (3 በ5 በ2 ሜትር) ይበቃል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት በቀን 200 ሊትር ያደርሳል፤ ቀሪው ከከተማው መስመር ይሞላል። የዝናቡን ውሃ ለማብሰያና ለሶላር ቦይለር ያውሉት። የድሬ የቧንቧ ውሃ ጨዋማና ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ቦይለሩ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ጋግሮ በጥቂት ዓመት ቱቦውን ይደፍነዋል።

አሸንዳው በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ያዘንብል፤ ለ70 ካሬ ጣሪያ አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር መውረጃ ቱቦ ይመደብ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ከገንዳው በፊት 150 ሊትር የሚይዝና ከሥሩ የሚከፈት ቱቦ ይቁም።

ክዳኑ ላይ ቸል እንዳይሉ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለው የወባ ትንኝ ከረግረግ ይልቅ የከተማ ታንከርና የግንባታ ጉድጓድ ይወዳል፤ ድሬዳዋን በ2014 ዓ.ም. ላመሰው ወረርሽኝ ተጠያቂውም እሱ ነው። የዴንጊ ትንኝም እንዲሁ በተጠራቀመ ውሃ ይራባል። ስለዚህ የገንዳው አፍ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጎማ ባለው ክዳን ይዘጋ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውና የአየር ቱቦው በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይታሰሩ። ግንባታው ላይ ለአርማታ የሚያዘው የውሃ በርሜልም ይከደን፤ ሲያልቅ ይገልበጥ።

የመታጠቢያ ውሃ ለዛፍ ይሆናል፤ የወጥ ቤቱ ግን ቅባት ስላለው አፈሩን ይደፍናል። የመታጠቢያውም ቢሆን ከአንድ ቀን በላይ ካደረ ይሸታል፤ አያጠራቅሙት።

ልስን፣ እንጨት፣ ዛፍ

ቤቱን ቅንጡ የሚያስመስለው እጅ የነካው ሥራ ነው። የኖራ ልስን ሳይጣደፉ ከተሠራ ከየትኛውም ክላዲንግ (የግድግዳ ልባስ) ያምራል። ኖራው በውሃ ውስጥ ቢያንስ 2 ሳምንት ይንከር፤ አንድ እጅ የራሰ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይቀላቀላል። የደቻቱ አሸዋ ደለል ይበዛዋል፤ በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ነቅንቀው ያሳድሩት፤ ጠዋት ላዩ የሚቀረው ደለል ከጠቅላላው አሸዋ 5 በመቶ ካለፈ ይታጠብ። ግድግዳውን በዋዜማው ያርጥቡት። መጀመሪያ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከደነደነ በኋላ 5 ሚሊ ሜትር ይለሰናል። ሥራው ጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ ይሁን፤ እርጥብ ጆንያ ተንጠልጥሎበት ለ5 ቀን ይረጥብ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፤ ለዚያ እርጥበት ይፈልጋል። በድሬ ሙቀት በአንድ ቀን ከደረቀ እጅ ላይ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ላዩ ላይ በስስ የኖራ ቅብ አራት ጊዜ ይቀባል። የፕላስቲክ ቀለም አይነካው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይገሸልጠዋል።

ለወለል ከሐረርጌ የሚወጣ ግራናይት አለ። ለእንጨት ዝግባና ጥድ አይዘዙ፤ የታከመ ባህር ዛፍ ወይም ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ይሁን፣ ምስጥ እንዳይነካው ከመሬት አይገናኝ። ከሐረሪ ቤት የሚወሰደው ነደባው ነው፦ ከግድግዳው ጋር የተገነባ ደረጃ ደረጃ መደብ በርካታ እንግዳ ያስቀምጣል፤ ሶፋ ማስመጣት ይቀራል። ሐረር ላይ የሚሠራ ግን ስሌቱን ይቀይር፤ በ1,885 ሜትር ከፍታ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የደቡቡን ፀሐይ ማስገባት ይሻላል። በግንብ በታጠረው ጥንታዊ ከተማ በጀጎል ውስጥ ደግሞ ከተማው ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንጋይ አይነሳም።

ሶላር ፓነሉ ደቡብ ፊቱን አዙሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ አቧራው ከዝናብ ጋር እንዲወርድ። ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ይተንፍስ፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል።

በምዕራብ በኩል ኒም ይተከል። የድሬዳዋ ዛፍ አበባው ቢያምርም ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ከቤቱና ከገንዳው ቢያንስ 8 ሜትር ይራቅ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ግን ቶሎ ያድጋል ተብሎ ከሚተከል ቢቀር ይሻላል፤ ፍየሎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሄዱበት ስለሚጥሉት ከግቢ አልፎ ግጦሹን ይወርሳል።