ጡትን በብርሃን ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የብርሃን ምርመራን ከሙቀት ምስል ጋር ማምታታት። የሙቀት ካሜራ ከቆዳ የሚወጣውን ሙቀት ብቻ ይቀበላል፤ ወደ ውስጥ የሚልከው ነገር የለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም የሙቀት ምስል ማሞግራምን (የጡት ኤክስሬይን) እንደማይተካ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የብርሃን ምርመራ ግን የሞገድ ርዝመቱ ከ650 እስከ 1000 ናኖሜትር የሚደርስ ብርሃን ወደ ጡት ይልካል። ተበትኖ ከሚመለሰው ብርሃን በመነሣትም ኦክስጅን የያዘውንና ያልያዘውን ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ንጥረ ነገር)፣ ውሃንና ስብን ይለካል። ካንሰር አዳዲስ የደም ሥሮችን ስለሚያበቅል ዕጢው ያለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከዙሪያው ይልቅ ደም በዝቶበት ይታያል።

በማሞግራም ፈንታ መጠቀም። ብርሃኑ በሥጋ ውስጥ ስለሚበተን ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ማሞግራም ቁልጭ አድርጎ የሚያሳያቸውን ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች አያወጣም።

እጅን ማክበድ። ለእኔ ከሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው፤ ውድ መሣሪያ በመዳፍ ክብደት ይበላሻል። የመሣሪያው ጫፍ ጫን ሲል ከሥሩ ያለው ደም ወደ ዳር ይሸሻል፣ የሄሞግሎቢኑም መጠን ይወርዳል። የካንሰር መድኃኒት መሥራቱን የሚከታተል ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ለስለስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠበቅ አድርጎ ቢለካ «ደሙ ቀንሷል፣ መድኃኒቱ ሠርቷል» የሚል የሐሰት ምሥራች ይወለዳል። ጫፉ ቆዳውን በደንብ ነክቶ የውጭ ብርሃን ካላስገባ ይበቃል። ጤነኛውን ጡት በተመሳሳይ አያያዝ ለክቶ ማነጻጸርም ብዙ ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ከዕጢው በመርፌ ናሙና በተወሰደ ማግስት መለካት። መርፌው የገባበት ቦታ ደም ይቋጥራል፤ መሣሪያው ደግሞ የተቋጠረውን ደም ከዕጢው ደም አይለይም። ከተቻለ ልኬቱ ይቅደም።

ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ከተጀመረ በኋላ መነሻ ልኬት መፈለግ። ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ያልተለካ ዕጢ ወረደ ወይም ወጣ ማለት አይቻልም። ችግሩ ደግሞ ለውጡ ሁልጊዜ ወደ ታች አለመሆኑ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢን ከፍ ያለው መድኃኒቱ በሠራላቸው ሴቶች ዕጢ ላይ ነበር፤ ባልሠራላቸው ግን ዝቅ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው የማግስቱን ጭማሪ አይቶ ካንሰሩ ባሰበት ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። በቀጣዮቹ ሳምንታት መድኃኒቱ በያዘለት ዕጢ ውስጥ የሄሞግሎቢኑ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ በዚህ ልኬት ብቻ መድኃኒት መለወጥ አይገባም።

የወር አበባ ዑደትን መርሳት። የጡት ደምና ውሃ ከዑደቱ ጋር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ቀኑ ከልኬቱ ጎን ይመዝገብ።