የልብ ምርመራ ሲታዘዝልህ ምን ብለህ ትጠይቃለህ?

ምንም ሳያምህ "ለማንኛውም ልብህን እንየው" ከተባልክ፣ ቶሎ እሺ አትበል። መጀመሪያ ጠይቅ፦ ውጤቱ ምን ይለውጣል? ምንም ካልለወጠ ለምን እመረመራለሁ? ለልብ ሕመም ተጋላጭነቱ ዝቅተኛ ለሆነ ጤነኛ ሰው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) መነሳት ጥቅሙ አልተረጋገጠም። የሐሰት ማስጠንቀቂያ ግን ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ሌላ ምርመራ ይጎትታል፣ ያኛው ደግሞ በደም ሥር የሚገባ ቱቦ።

"ክኒኑ አደጋውን በ50 በመቶ ይቀንሳል" ሲሉህ፣ ከስንት ወደ ስንት? በል። ከ100 ሰው 2 ይታመም ከነበረና አሁን 1 ከሆነ፣ እሱም 50 በመቶ ነው። 98ቱ ባይውጡትም አይታመሙም ነበር። የጀመርከውን መድኃኒት ግን ሐኪምህን ሳታማክር እንዳታቋርጥ፣ አደራ።

ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ላይ ረጋ በል። በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ የተባለ ጥናት የልብ ደም ሥር ሕመማቸው የተረጋጋ 5,179 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። መድኃኒት ላይ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና መጨመሩ ሞትን እንደቀነሰ ማሳየት አልቻለም፤ ደረታቸውን ያማቸው ለነበሩት ግን እፎይታ ሰጥቷል። ደረትህን ድንገት ጨምድዶ ከያዘህና ላብ ካጠመቀህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄውን ተወውና ድንገተኛ ክፍል ድረስ፣ እዚያ ስቴንት ሕይወት ያድናል።

የደም ግፊት መለካትን ግን አትዝለል። 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ጀርባህን አስደግፍ፣ እግርህን አታነባብር፣ ክንድህን በልብህ ትክክል አሳርፍ።