ኳሱን ሳያዩ ማንጠር፦ የቅርጫት ኳስ አያያዝን እንዴት ማሻሻል ይቻላል?

አራት ወር ሙሉ ብቻዬን ስለማመድ ከረምኩ። ኳሱን በእግሮቼ መሃል አሾልካለሁ፣ ከጀርባዬ አዞራለሁ፣ በመስታወት ራሴን እያየሁ አደንቃለሁ። ከዚያ እውነተኛ ጨዋታ ገባሁ። ገና የመሃል መስመሩን ሳላልፍ ተነጠቅኩ። ደግሜ ተነጠቅኩ። በሦስተኛው ተከላካዩ መልፋትም አላስፈለገውም፤ ዓይኔ ወለሉ ላይ መተከሉን አይቶ መጣና ወስዶት ሄደ። ጓደኛዬ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሞ እጁን ሲያውለበልብልኝ እንደነበር የሰማሁት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው።

እጄ ደህና ነበር። ዓይኔ ነው ጉድ የሠራኝ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ልምምድ በሙሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ኳሱ። 7 ቁጥር ለአዋቂ ወንዶች፣ 6 ቁጥር ለሴቶች፣ 5 ቁጥር ለልጆች ነው። ለልጅ 7 ቁጥር አትስጡት፣ ጣቱ ስለማይበቃው በመዳፉ መምታት ይለምዳል። ንፋሱን ለማወቅ ከራሳችሁ ከፍታ ልቀቁት፤ ወገባችሁ አካባቢ ተመልሶ ካልመጣ ይነፋ።

አቋቋም፦ ጉልበት ይታጠፍ፣ ጀርባ አይጉበጥ፣ ኳስ ያልያዘው ክንድ ከፊት ሆኖ ይከልል። ይኸው ነው።

እጅን በተመለከተ፣ ኳሱ የሚገፋው ተዘርግተው በተከፈቱ ጣቶች ሥጋ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ከእጅ አንጓና ከክንድ ይመጣል። በጥፊ አትምቱት። ልክ መሆናችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ልምምዱን ስትጨርሱ እጃችሁን ሳትታጠቡ እዩት። ጣቶቹ ቆሽሸው የመዳፉ ጎድጓዳ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው። መሃሉ ከጠቆረ እየመታችሁ ነው። እጃችሁ ከኳሱ ሥር ገብቶ እንዳይሸከመውም ተጠንቀቁ፣ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋባችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። «ቀና በል!» ብሎ መጮህ ማንንም ቀና አያደርግም፣ እኔ ላይ ስንት ጊዜ ተጮኾብኛል። ሰው ወደ ታች የሚያየው እጁን ስለማያምነው ነው። እጁን እንዲያምን ደግሞ ኳሱ ቶሎ ቶሎ መመለስ አለበት። ስለዚህ ባላችሁበት ቆማችሁ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከጉልበት በታች፣ ጠንከር አድርጋችሁ አንጥሩ። ኳሱ ለስለስ ብሎ ከፍ ካለ ከእጅ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ የሚነጠቀውም በዚያች ክፍተት ነው። 30 ሰከንድ ቀኝ፣ 1 ደቂቃ ግራ። አዎ፣ ለደካማው እጅ እጥፍ ስጡት (ግራኞች ገልብጡት)። ኳሱ እግራችሁን መትቶ ይሄዳል። ይሂድ፣ አምጡትና ቀጥሉ።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ተሸወድኩ። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ መርጬ እሷን ብቻ እያየሁ ለሳምንታት አነጠርኩ፤ አንገቴ ቀና አለ፣ እኔ ግን ምንም አላይም ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ያው ኳሱ ጋ ነዋ! ዓይን ማንሳትና ማየት ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ ለዓይን ሥራ ስጡት። አንድ ሰው ፊታችሁ ቆሞ ጣቶቹን እየቀያየረ ያሳያችሁ፣ እናንተ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ እሱም አልፎ አልፎ ወደ ጎን እየሄደ ያስቸግራችሁ። ሰው ከሌለ ስልክ ወንበር ላይ አቁማችሁ የሆነ ጽሑፍ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ማንበቡ ከተቆራረጠ እጃችሁ ገና አልታመነም።

ያ ሲቀላችሁ የቴኒስ ኳስ ጨምሩ። በአንድ እጅ እያነጠራችሁ በሌላው የቴኒሱን ኳስ ወደ ላይ ወርውራችሁ ቅለቡ። የአሜሪካው ኤንቢኤ ሊግ ኮከብ ስቴፈን ከሪ ራሱ ሲሠራው ብዙ ጊዜ ታይቷል። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ኳስ ስታሳድዱ ትውላላችሁ። ከሁሉም ልምምድ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ወደ ታች ለማየት ጊዜም አይሰጣችሁም።

ወደ ታች እንዳታዩ የሚጋርድ መነጽር ይሸጣል። እኔ ገንዘባችሁን አታባክኑ ባይ ነኝ፤ ባወለቃችሁት ማግስት አንገታችሁ ተመልሶ ይወርዳል። ነጻው ነገር ይሻላል፦ በኳስ አያያዙ የታወቀው የኤንቢኤ ተጫዋች ካይሪ ኧርቪንግ ልጅ ሳለ ኳሱን በፌስታል ጠቅልሎ ያነጥር ነበር። ያንሸራትታል፣ በደንብም አይነጥርም፣ ስለዚህ ፌስታሉ ሲወልቅ ኳሱ እጅ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

ከዚያ መንቀሳቀስ ነው። ስትሮጡ ኳሱን ቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት ግፉት፣ አለዚያ ቀድማችሁት ትሄዳላችሁ። የፍጥነት ለውጥ ከማንኛውም ዓይን አዋጅ ትርኢት ይበልጣል፦ ቀስ፣ ቀስ፣ ከዚያ ፈትለክ።

ክሮስኦቨር (ተከላካይን ለማታለል ኳሱን በፊት በኩል ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ማሻገር) መማር የፈለገ፣ የኤንቢኤ ተጫዋቹ አለን አይቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክል ጆርዳንን ያታለለበትን ቪዲዮ ይይ። ሁለት ጊዜ ነው ኳሱን የሚያሻግረው። የመጀመሪያዋ ትንሽ ናት፣ ጆርዳን ይነቃነቅ እንደሆነ መሞከሪያ። መነቃነቁን ሲያይ ሁለተኛውን ሰፋ አድርጎ ሠራው። ጆርዳንን እያየ ነው የወሰነው፣ ኳሱን እያየ ቢሆን ኖሮ ያቺን ንቅናቄ ከየት ያገኛት ነበር? እናንተ ስትሠሩት ኳሱ ከጉልበት በታች ይለፍ፣ ትከሻችሁም ወደማትሄዱበት አቅጣጫ ይዋሽ።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት መልፋት ግን እኔን ከድካም በቀር ምንም አልጨመረልኝም። መጨረሻ ላይ ጓደኛ ጠርታችሁ ጠባብ ቦታ ውስጥ ኳሱን ለመንጠቅ ይሞክር፣ ክንዳችሁንም ቢመታ አትቆጡ። ስንት ሰከንድ እንደቆያችሁ ቁጠሩ። እኔ መጀመሪያ ቀን 4 ሰከንድ ነበር የቆየሁት።