የመጀመሪያዎቹ የፐንክ ባንዶች በሮክ ላይ ያሳረፉትን አሻራ ጎንደር ተቀምጦ እንዴት ማዳመጥ ይቻላል

ፐንክ (አጭር፣ ፈጣንና ያልተወሳሰበ የሮክ ዓይነት) ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው የተንጨባረረ ጸጉር፣ የተቀዳደደ ጃኬትና ጩኸት ነው። የመጀመሪያዎቹ የፐንክ ባንዶች በሮክ ላይ ያሳረፉት አሻራ ግን ከዓይን ይልቅ በጆሮ የሚለይ ሲሆን፣ ለመለየትም ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል ማዳመጥና በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ መፈለግ ያስፈልጋል። እዚህ የሚቀርበው አካሄድ ጎንደር ውስጥ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ተሰባስበው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሱት የሚችሉት ነው።

መብራት ሊጠፋ፣ ኢንተርኔትም ሊዘገይ ስለሚችል ዘፈኖቹን ቀደም ብሎ ስልክ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ ይገባል። የስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ ቤዝ ጊታርን ስለሚውጠው ኢርፎን ወይም ደህና ስፒከር ያዘጋጁ። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከፐንክ በፊት የነበረውን ያዳምጡ። የስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1973 ያወጣው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ሰማንያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሆኖ በውስጡ ያሉት ዘፈኖች አራት ብቻ ናቸው። ከአንዱ አሥር ደቂቃ ያህል ሰምተው ሳይጨርሱ ያቁሙና፣ ራሞንስ የተባለው የኒውዮርክ ባንድ በ1976 ወዳወጣው የመጀመሪያ አልበም ይሻገሩ። ወደ 6,400 ዶላር ገደማ ወጥቶበት የተቀረጸው ይህ አልበም 14 ዘፈኖችን ይዞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዚህ ዙር የሚፈለገው የጎደለው ነገር ነው፤ ረጅም መግቢያ የለም፣ ኪቦርድ አይንቆረቆርም፣ ጊታሪስቱም ችሎታውን የሚያሳይበት የብቻ ጨዋታ የለውም ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ዙር እዚያው አልበም ላይ ሆነው ምቱን በእጅዎ ያጨብጭቡ። በሠርግና በአዝማሪ ቤት ያደገ የጎንደር ጆሮ በስድስት የሚቆጠረውን ቺክቺካ ስለለመደ እጁ ወደዚያ ሊስበው ይችላል፤ ይህ ግን በአራት የሚቆጠር፣ ሳይወዛወዝ ወደ ፊት የሚሮጥ ምት ነው። የራሞንስ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ጊታሩን ያለማቋረጥ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይመታ ነበር። ክራር የሚገርፍ ጓደኛ ካለዎት ሁለት ደቂቃ ያህል በዚያ ፍጥነት እጁን ወደ ታች ብቻ እንዲሰነዝር ይጠይቁት፤ ቀላል የሚመስለው ነገር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ክንዱ ይነግረዋል። ሜታሊካ የተባለው የሄቪ ሜታል ባንድ ጊታሪስትና ዘፋኝ ጄምስ ሄትፊልድ ይህን አመታት ከጆኒ ራሞን እንደወረሰ ተናግሯል፤ ስለዚህ የሜታሊካን አንድ ፈጣን ዘፈን አስከትለው ቢሰሙ ውርሱን በቀጥታ ያገኙታል።

ቀጥሎ ወደ ኮርዱ፣ ማለትም በአንድ ላይ ወደሚመቱት የጊታር ድምፆች ይመለሱ። ጆኒ ራሞን ብዙ ጊዜ ሙሉ ኮርድ ይይዝ የነበረ ቢሆንም፣ ከእርሱ በኋላ የመጡ በርካታ ባንዶች ኮርዱን ወደ ሁለት ድምፅ፣ ማለትም ወደ መነሻውና ከመነሻው ሲቆጠር አምስተኛ ወደሆነው ድምፅ ቀነሱት። የተተወው ሦስተኛው ድምፅ ሙሉ ትዝታን ከግማሽ ትዝታ ከሚለዩት ድምፆች አንዱ ነው። እርሱ ሲወጣ ጊታሩ ደስታም ሐዘንም አይናገርም፤ ስሜቱን የሚወስነው ዘፋኙ ይሆናል። ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ በ1991 ባወጣው ታዋቂ አልበም ውስጥ ይህን በግልጽ መስማት ይቻላል።

ከሁሉም ዙሮች ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው አራተኛው ነው። ሰኔ 4 ቀን 1976 ሴክስ ፒስቶልስ የተባሉት የእንግሊዝ ፐንኮች በማንቸስተር ከተማ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ተጫወቱ። ዝግጅቱን ያሰናዱት ፒት ሼሊና ሃዋርድ ዲቮቶ ሲሆኑ፣ ባዝኮክስ የተባለው ባንዳቸው በጥር 1977 በተበደሩት 500 ፓውንድ አራት ዘፈኖች የያዘ ሸክላ ራሱ አሳተመ። ከጥቂቶቹ ተመልካቾች መካከል የነበሩት በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ደግሞ በኋላ ጆይ ዲቪዥን የተባለውን ባንድ መሠረቱ። አሁን የሴክስ ፒስቶልስን አንድ ዘፈን፣ ከዚያም ከጆይ ዲቪዥን የ1979 አልበም አንዱን ያጫውቱ። ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ በሁለተኛው ዜማውን የሚሸከመው ቤዝ ጊታሩ ነው፣ ጊታሩ ጥቂት ተናግሮ ዝም ይላል፣ ሰፊ ባዶ ቦታም ይቀራል። በእኔ አስተያየት ከባዱ ተጽዕኖ ይህ ነው፤ የተላለፈው አጨዋወት ሳይሆን ሳይፈቀድልኝ እችላለሁ የሚል ድፍረት ነበርና፣ ድምፅ ለድምፅ ብቻ የሚያመሳክር አድማጭ አያገኘውም።

ክላሽ የተባለውን የእንግሊዝ የፐንክ ባንድ በዚሁ አጋጣሚ ያክሉት። በ1977 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ውስጥ ጁኒየር መርቪን የተባለውን የጃማይካ ድምፃዊ ዘፈን ስድስት ደቂቃ ያህል ወስደው ተጫውተውታል። ሬጌን እኛ አገር የማያውቅ ስለሌለ የሮክ ጊታር ወደ ሬጌ ሲጠጋ የት ላይ እንደሚሰናከልና የት ላይ እንደሚሳካለት መለየት አይቸግርም። በ1994 ገናና የሆነውን ግሪን ዴይ የተባለውን የአሜሪካ የፐንክ ባንድ ግን አንድ ዘፈን ሰምቶ ማለፍ ይበቃል፤ ውርሱ በግልጽ የሚታይ ስለሆነ ብዙ የሚያወያይ አይደለም።

በውይይቱ መካከል ፐንክን ከአዝማሪ ጋር የሚያነጻጽር ሰው እንደሚኖር ይጠብቁ። በአንድ ክር ማሲንቆ አድማጭን መያዝ ከጥቂት ኮርዶች ጋር የሚያስተያይ ገጽታ አለው፤ ነገር ግን አዝማሪ ሙያውን ከልጅነቱ ከቤተሰቡ የሚማር ባለሙያ ሲሆን፣ ፐንኮቹ ግን አለመማራቸውን ይኮሩበት ስለነበር ንጽጽሩን ከዚያ በላይ መግፋት አይገባም።

በመጨረሻ፣ ስቱጅስ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ የ1969 አልበም የባንዱን ስምና ዓመቱን ሳይናገሩ ያጫውቱና ጓደኞችዎ ከራሞንስ በፊት ይሁን በኋላ የተሠራ እንደሆነ ይገምቱ። በጊታሩ ሻካራነት ተመርቶ ከራሞንስ በኋላ ነው የሚል አይጠፋም። መልሱን ሲነግሯቸው ሁለተኛ ጊዜ ያስደምጧቸው፤ ሻካራው ድምፅ ቀድሞም እንደነበረ፣ በዚያው አልበም ውስጥ ግን አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈንና ረጅም የጊታር ሶሎ እንዳሉ፣ ራሞንስም የመጀመሪያውን ይዘው ሌሎቹን ሁለቱን እንደጣሉ ያስተውላሉ።