ሥራ ቦታ «ኮል» ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። አዲስ የሚቀጠሩ ሐበሾች ብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር ይመደባሉ። ከሁሉ በፊት የማስረዳቸው «ኮል» (call) የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ እንጀራችን እሷ ላይ ነው ያለው።

«ኮል» መጥራትም ነው፣ መደወልም ነው፣ ስም ማውጣትም ነው። እኛ «ለእናቴ ደወልኩ» ስለምንል «አይ ኮልድ ቱ ማይ ማዘር» ማለት ይቀናናል። «ቱ» አያስፈልግም፤ «አይ ኮልድ ማይ ማዘር» በቃ። «ቱ» ከገባችበት እናታችሁን ከሩቅ ጮክ ብላችሁ የተጣራችሁ ይመስላል።

ዋናው «ኮል አውት» ነው። ዛሬ አልገባም ብሎ ማሳወቅ ማለት ነው። «ሺ ኮልድ አውት» ሲባል ከሰማችሁ ልጅቷ ቀርታለች፣ የእሷም ክፍሎች ለእናንተ ሊደረቡ ነው። «ኮልድ ኢን ሲክ»ም ያው ነው፤ «ኢን» እና «አውት» እዚህ ላይ አንድ ናቸው። «ዜይ ኮልድ ሚ ኢን» ካለች ግን እረፍት ላይ ሳለች ሥራ ግቢ ተብላለች። «ዜይ ኮልድ ሚ ኦፍ» ካለች ደግሞ ሥራ ቀዝቅዟልና ዛሬ አትምጪ ተብላለች።

ሲያማችሁ እንዲህ በሉ፦ «ሃይ፣ ዚስ ኢዝ ሰላም። አይም ኮሊንግ አውት ፎር ማይ ኢቭኒንግ ሺፍት ቱዴይ። አይም ሲክ።» አለቀ። ስለ ሆድ ቁርጠቱ መተንተን አይጠበቅባችሁም። አንዳንዱ ቤት ሺፍቱ ከመጀመሩ 2 ሰዓት በፊት፣ አንዳንዱ 4 ሰዓት በፊት ደውሉ ይላል። የእናንተን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ለጓደኛ ቴክስት አድርጎ «ንገሪልኝ» ማለት እንደ መደወል አይቆጠርም። ሳይደውሉ መቅረት «ኖ ኮል፣ ኖ ሾው» ይባላል፤ ከሥራ ያስባርራል። ታማሚ እንደ እናቱ የሚንከባከብ ሰው፣ አንድ ስልክ ባለመደወሉ ሥራውን ሲያጣ ማየት አንጀቴን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ደውሉ፤ ያነሳውን ሰው ስምና ሰዓቱንም ጻፉ።

«ኮል ላይት» አልጋ አጠገብ ያለችው የመጥሪያ ቁልፍ ናት። የሲኤንኤ ፈተና ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የታማሚው እጅ የሚደርስበት ማስቀመጣችሁ ይታያል። ከፈተናው በኋላም እንዳትረሷት። መነሳት የማይችል ሰው እሷ ከራቀችው ማንን ይጠራል?

«ኢትስ ዩር ኮል» ሲሏችሁ ስልክ አይደለም፤ ውሳኔው የእናንተ ነው ማለታቸው ነው። እኔ በጣም የምወዳት እሷን ነው። «ሻወር ናው፣ ኦር አፍተር ዲነር? ኢትስ ዩር ኮል» እላለሁ። መኝታውንም ምግቡንም ሌላ ሰው የሚወስንለት አረጋዊ ይቺን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። በሉ፣ ተጠቀሙባት። እናንተን «ጉድ ኮል» ካሏችሁ ደግሞ ጥሩ ወስናችኋል።

«ክሎውስ ኮል» ለጥቂት ተረፍን ነው። መጨረሻው «ስ» ነው፤ በ«ዝ» ካላችሁት መዝጋት ይሆናል። የዊልቸሩ ብሬክ ሳይያዝ አሮጊቷ ሊነሱ ሲሉ ብብታቸውን ይዛችሁ ካዳናችኋቸው፣ «ዛት ዎዝ ኤ ክሎውስ ኮል» ትላላችሁ። ከዚያ ለነርሷ ንገሯት። አልወደቁም ብሎ ዝም አይባልም።

«ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» ለዛሬ ይብቃን ነው። ማታ ከሆነ «ኤ ናይት» ይባላል። ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ካለው ቦርሳችሁን አንሱ። ፍሎር ላይ (አረጋውያኑ ያሉበት፣ ሥራው ላይ) ግን የሥራ ባልደረባችሁ ቢለውም፣ ተረኛው መጥቶ ሪፖርት ሳትሰጡት ንቅንቅ እንዳትሉ።