ጸበልም ወዳጃም ሲኬድ የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ላይ አንድ ታማሚ ጠዋት ጸበል ተጠምቆ፣ ወይም ሌሊቱን ወዳጃ (በዱዓ የሚነጋበት ስብስብ) አድሮ፣ በማግስቱ ሆስፒታል ቢሰለፍ ማንም አይገረምም። መሄዱ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። የሚጎዳው፣ ከሄደ በኋላ ስለ ገላው የሚወሰነውን ሁሉ ለሌላ ሰው አስረክቦ መቀመጡ ነው።

መድኃኒት ማቆም። ይህን ስንት ጊዜ ተናግረን ዛሬም ይደገማል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ «እምነትህ ጎድሏል» ይባልና ፌኖባርቢታሉን በአንድ ቀን ይጥላል። አንጎሉ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ በድንገት ሲቀርበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከበፊቱ የከፋ መንዘፍዘፍ ይመጣል። ያኔ የከበበው ሰው «መንፈሱ ሊለቅ ነው፣ እየጮኸ ነው» ይላል። ሱባኤው ይራዘማል፣ ምግቡ ይቀነሳል፣ ልጁ ደግሞ ደጋግሞ ይወድቃል። ያመጣው የተጣለው ኪኒን ነው! መንዘፍዘፉ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ሌላ ከተከተለ፣ ጸሎቱ መኪና ውስጥ ይቀጥል፤ ልጁ ድንገተኛ ክፍል ይድረስ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ነው። ሁለት ወር ሲሞላው ሳሉ ስለቀለለት «ዳንኩ» ብሎ ይተዋል፤ መደበኛው ሕክምና ግን 6 ወር ነው፣ የተረፈው ተህዋሲም መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። ኤች አይ ቪን በተመለከተ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ከሳቸው በላይ ለጸበሉ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል የጸበል ቦታ አስተናጋጅ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ኢንሱሊን ወግቶ መጾም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ ከታየ ስኳር ወርዷል ማለት ነው። መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በአንጻሩ ጾሙን ሰበብ አድርጎ ኢንሱሊኑን ጭራሽ መተውም ይገድላል። ሱባኤ ከመግባታችሁ በፊት ስንት ቀን እንደምትጾሙ ለሐኪሙ ንገሩትና መጠኑንና ሰዓቱን እሱ ያስተካክል።

እንቅልፍ ማጣት። ወዳጃው ጫትና ቡና ይዞ ያነጋል። የሚጥል በሽታ ወይም የስሜት መዋዠቅ ሕመም ላለበት ሰው አንድ ያልተተኛ ሌሊት ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ዱዓው ላይ ይገኝ፣ ጫቱን ይተው፣ የማታ ኪኒኑን በሰዓቱ ውጦ ይተኛ። ለዚህ የሚቆጣ ሽማግሌ ብዙ የለም፤ የሚያስቸግረው ቤተሰቡ ማፈሩ ነው።

በር ዘግቶ መታጠን። ግዛዋ ወይም ሌላ ቅጠል ከሰል ላይ ተደርጎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም። ራስ ምታቱን፣ ማዞሩንና ማስመለሱን «መንፈሱ ሲነካ» ብለው ይተረጉሙታል። በርና መስኮት ይከፈት፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከክፍሉ ይውጡ።

ስሙ ያልተነገረ ቅጠል መጠጣት። አፍ መድረቅ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ከተከተለ አስተናግር (የሚያቃዥ መርዛማ ተክል) መሆኑን ጠርጥሩ። የቀረውን ቅጠል ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ታማሚን በሰንሰለት ማሰር ቁስልና ውርደት እንጂ ፈውስ አያመጣም፤ አይደረግ።

በውሻ ተነክሶ መጀመሪያ ወደ አዋቂ መሮጥ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ያንኑ ቀን ክትባት ጀምሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ለእናንተ ለአዋቂዎቹና ለአጥማቂዎቹ ደግሞ፦ ሰው ስትቀበሉ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ይሁን፣ ሁለተኛው «ይዘኸዋል ወይ?»። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ የሚመጣ ቤተሰብም ከመነሳቱ በፊት ኪኒኑን የሚይዝ አንድ ሰው ይሰይም፤ ከሚቆዩበት ቀን በላይ የሳምንት ትርፍ ይዞ ይምጣ።